ድሪቶ ለሚሰፉ ቤተሰቦች የስፌት ጠረጴዛና የሥራ ቦታ አዘገጃጀት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከጉራራ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ጫፍ ባሉት የየካ መንደሮች ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት በጣም ቀዝቃዛ ነው። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ብርዱ በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ የሚመለስ አይደለም። የደጋው ሰው ይህን ብርድ ሲከላከል የኖረው ጨርቅን በመደራረብ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ቡልኮ ከጋቢም ይወፍራል። መንዝና አካባቢው ደግሞ ከበግ ጠጉር ባናና ዝተት ይሠራል። ሆኖም ለልጆች ሁሉ የሚበቃ ጋቢ ወይም የፋብሪካ ብርድ ልብስ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል በሾላ ገበያና በኮተቤ ያሉ ልብስ ሰፊዎች በየቀኑ የሚጥሉት ቁርጥራጭ ጨርቅ ጥቂት አይደለም። ይህን ቁርጥራጭ አገጣጥሞ፣ በመሐሉ ያረጀ ጋቢ ወይም የተነደፈ ጥጥ አስገብቶ፣ ከሥር ገበር አድርጎ የሚሰፋው የአልጋ ልብስ ድሪቶ ነው።

ድሪቶ የሚለው ቃል በብዙ ሰው ዘንድ የድህነት ስም ሆኖ ይቆጠራል። የልማት ሠራተኛው ቃሉን ሲያነሣ አንዳንድ እናቶች ፊታቸውን ቢያዞሩ ሊገርመው አይገባም። እኛ ግን ሌላ ስም አልፈለግንለትም፤ ቃሉ ሥራውን በትክክል ይገልጻልና። በሌላው ዓለም ይህ ሥራ እንደ ትልቅ ሙያ ተቆጥሮ በውድ ዋጋ የሚሸጥ መሆኑን መናገር ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ድሪቶ አሰፋፍ በሰፊው አይናገርም። የሚናገረው ስለ ጠረጴዛውና ስለ ሥራ ቦታው ነው። ምክንያቱም ማኅበራት ለስፌት ሥራ ገንዘብ ሲያገኙ ሁሉንም በስፌት መኪናው ላይ ማዋል የተለመደ ሲሆን፣ ጠረጴዛው ግን «ከቤት ይገኛል» ተብሎ ይታለፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው ጥግ ቆሞ አቧራ ሲለብስ፣ ሠሪዋም ወገቧን ይዛ ስትቀመጥ ጥፋቱ በመኪናው ወይም በሰውየዋ ስንፍና ይላከካል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው።

ሸክሙ የት ያርፋል?

ድሪቶ ከቀሚስ ወይም ከሱሪ የሚለየው በክብደቱ ነው። ለሜትር ከሃያ አልጋ የሚሆን ድሪቶ 170 ሳንቲ ሜትር ወርድና 220 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው ስፋቱ ወደ 3.7 ካሬ ሜትር ይደርሳል። የላዩና የገበሩ ጨርቅ እያንዳንዳቸው በካሬ ሜትር 150 ግራም፣ የመሐሉ ጥጥ ደግሞ 300 ግራም ቢመዝን በጠቅላላው 2.2 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በጥጥ ፈንታ ያረጀ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ሲገባበት ከ3 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ክብደት በእጅ ሲያነሡት ብዙ አይመስልም። ችግሩ የሚመጣው ክብደቱ ከጠረጴዛ ጠርዝ ወደ ታች ሲንጠለጠል ነው።

የስፌት መኪና ጨርቁን ወደፊት የሚገፋው ከመርፌው ሥር ባሉት ትናንሽ ጥርሶች ነው። ጥርሶቹ ቀላል ጨርቅ እንዲገፉ እንጂ ከጠርዝ የተንጠለጠለ ሦስት ኪሎ እንዲጎትቱ አልተሠሩም። ጨርቁ ወደ ታች ሲጎትት ስፌቱ አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይረዝማል፤ መርፌው ይታጠፍና ከሥር ያለውን ብረት መትቶ ይሰበራል። ሠሪዋም ይህን ለመከላከል ድሪቶውን በግራ ክንዷና በትከሻዋ ትሸከማለች፤ ወገቧን ወደ አንድ ጎን አጣማ በሁለት እጇ ትጎትታለች። በዚህ ዓይነት ግማሽ ቀን የሰፋች ሰው ማታ ላይ አንገቷን ማዞር ያቅታታል።

ይህን ጉዳይ ለእንጦጦ አካባቢ በተለይ የምናነሣበት ምክንያት አለን። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ መተከል ከጀመረ ወዲህ፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅሞ ቁልቁል ወደ ከተማ መሸከም የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ሸክም ከ30 ኪሎ በላይ መመዘኑ የተለመደ ነበር። ከዚህ ሥራ ሴቶችን ለማውጣት ከተደረጉት ጥረቶች መካከል በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በተደገፈ ፕሮጀክት መነሻነት የተቋቋመው የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ይገኛል፤ አባላቱ በሽመና ሥራቸው ታውቀዋል። እንግዲህ ለዓመታት እንጨት የተሸከመ ወገብ ወደ ስፌት ሥራ ሲመጣ ቀድሞውኑ የተጎዳ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። እንዲህ ያለችውን እናት ባልተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መኪና መስጠት ሸክሙን ከጀርባዋ አውርዶ በትከሻዋ ላይ መጫን ነው። ስለዚህ የድሪቶው ክብደት በሙሉ በጠረጴዛው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ በታች የሚሰጠው ልክና አሠራር ሁሉ የሚያያዘው ከዚሁ ነጥብ ጋር ነው።

ስለ ቦታ አመራረጥ

ለሥራው የተለየ ክፍል አያስፈልግም። ወርዱ 2 ሜትር፣ ከግድግዳው ወደ ቤቱ መሐል 1.60 ሜትር የሆነ ጥግ ይበቃል። ሦስት በአራት በሆነ ቤት ውስጥ አልጋው ከነቦታው ሆኖ ይህን ያህል ጥግ ማግኘት ይቻላል። ምግብ የሚበሰልበት ቤት ግን ፈጽሞ አይመረጥም፤ ጭሱ ጨርቁን ያጠቁረዋል፣ ሽታውም በጥጥ ውስጥ ይቀራል፣ ብናኝ ጥጥም በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ሠሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ትቀመጣለች። መስኮቱ በግራዋ ቢሆን ይመረጣል፤ በቀኝ እጅ ለምትሠራ ሰው የእጇ ጥላ መርፌው ላይ አያርፍም። በግራ እጇ ለምትሠራ ግን መስኮቱ በቀኝ ይሁን። በበጋ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ዓይን የማይወጋ ብርሃን ይሰጣል። የእንጦጦ ቁልቁለት ወደ ደቡብ ስለሆነ ግን አብዛኛው ቤት በሩንና መስኮቱን ወደዚያው ያደርጋል። እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ በመስኮቱ ላይ ያረጀ ነጠላ መጋረድ ፀሐዩን ያለዝበዋል። መስኮት በሌለበት ከቆርቆሮው አንዱን አንሥቶ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ክዳን መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን ክዳኑ በትክክል ከመኪናው በላይ እንዳይሆን ጥንቃቄ ይደረግ። በክረምት መጀመሪያ የሚያንጠባጥበው እሱ ነውና፣ ብረቱን ያዝገዋል። ማታ ለሚሠሩ ከግራ በኩል፣ ከዓይን ከፍታ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል አምፖል ወይም የፀሐይ ፋኖስ ያስፈልጋል። ከጣሪያ መሐል የሚበራ አምፖል ብቻውን የሠሪዋን ጭንቅላት ጥላ ሥራው ላይ ይጥላል።

ወለሉ አፈር ከሆነ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ በሚገባ ደልድሎና ጠቅጥቆ፣ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ መቅበር ይገባል። በፔዳል የሚሠራ መኪና በሚወዛወዝ ወለል ላይ ሲቆም የሰሪዋ ጉልበት ግማሹ መኪናውን በማነቃነቅ ያልቃል።

ልክ ስለ መውሰድ

በዚህ አካባቢ በብዛት የሚገኘው በእግር የሚረገጠው መኪና ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራ ስለማያቋርጥ ለድሪቶ ሥራ እኛም እርሱን እንመርጣለን። የዚህ መኪና ትልቅ ጥቅሙ ሌላም ነው፦ መኪናው በራሱ ጠረጴዛ ውስጥ ሰምጦ ስለሚቀመጥ ጨርቁ የሚያልፍበት ብረትና የጠረጴዛው ፊት እኩል ናቸው። ጉድለቱ የጠረጴዛው ጠባብነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም ከ45 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ አዲስ የመኪና ጠረጴዛ መሥራት ሳይሆን ያለውን ማስፋት ይበቃል።

በመጀመሪያ የመኪናው ጠረጴዛ ከወለሉ ያለው ከፍታ ይለካል። ልኩ የሚወሰደው ጠረጴዛው በቋሚ ቦታው፣ በድንጋዩ ላይ ከቆመ በኋላ መሆን አለበት። ከመኪና መኪና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስለሚለያይ የጎረቤትን ልክ መውሰድ አያዋጣም። የሚሠራው ተጨማሪ ጠረጴዛ ከዚህ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። ከፍ ቢል ድሪቶው ወደ መርፌው ይንሸራተታል፤ ዝቅ ቢል ደግሞ በጠርዙ ላይ እየተያዘ ይጎትታል። ስሕተት የማይቀር ከሆነ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ይሻላል፤ በሽብልቅ ከፍ ማድረግ ይቻላልና።

ቀጥሎ የሠሪዋ ልክ ይወሰዳል። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ትከሻዋን ዘና አድርጋ ክንዷን ብታጥፍ ክርኗ ከጠረጴዛው ፊት ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ መሆን ይገባዋል። በርጩማና ዱካ ለዚህ አይሆኑም፤ ዝቅተኛ ስለሆኑ ትከሻ ወደ ላይ እንዲነሣ ያስገድዳሉ። መደገፊያ ያለው ወንበር ተመርጦ፣ ቁመቷ አጭር ለሆነች ሠሪ በጠንካራ ትራስ ከፍ ይደረግላታል። ወንበሩ ከፍ የሚለው ግን ሁለቱ እግሮች በፔዳሉ ላይ ሙሉ በሙሉ እስካረፉ ድረስ ብቻ ነው። አቀማመጧም በጠረጴዛው መሐል ሳይሆን በመርፌው ትይዩ ይሁን። ብዙዎች በጠረጴዛው መሐል ስለሚቀመጡ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ተጣመው ይውላሉ።

የጠረጴዛው አሠራር

ተጨማሪው ጠረጴዛ 80 በ120 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በመኪናው ግራ በኩል፣ 80ው በግድግዳው አቅጣጫ፣ 120ው ወደ ቤቱ መሐል እንዲሆን ይቀመጣል። በመኪናውና በግድግዳው መካከል ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ወርድና 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ ይገባል። የሳንቃው አንደኛው ጫፍ በጠረጴዛው ጠርዝ ሥር በተመታ ሞራሌ ላይ፣ ጀርባው በግድግዳው ላይ በተመታ ሌላ ሞራሌ ላይ ያርፋል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ሳንቃው 40፣ የመኪናው ጠረጴዛ 45፣ ሲደመር 85 ይሆናል፤ ከ120 የሚቀረው 35 ሳንቲ ሜትር በሠሪዋ ግራ ክንድ አጠገብ ወደ ኋላ ይወጣል። ድሪቶው ወደ ግራም ወደፊትም ቢገፋ የሚያርፍበት አለው። ከሳንቃው እንዳይወድቅ ግድግዳው ራሱ ይመልሰዋል።

ለፊቱ የሚሆነው ኮምፖርሳቶ በገበያ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በ122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ ሉክ በርዝመቱ 80፣ 80፣ 40 እና 40 ተደርጎ ቢቆረጥ ለሁለት ቤተሰብ ሁለት ጠረጴዛና ሁለት ሳንቃ ያወጣል፤ ለመጋዝ የሚባክነውም 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አባላት በየግላቸው ከሚገዙ ሁለት ሁለት ሆነው ቢገዙ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ውፍረቱ ከ12 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ከዚያ የሳሳው በመሐሉ ይጎደጉዳል። ቺፑድ ርካሽ ቢሆንም በክረምት እርጥበት ያብጣልና እኛ አንመክረውም።

እግሮቹና ማገሮቹ ከባሕር ዛፍ ቢሠሩ ይበቃሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንጦጦ የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ተሠርቶበት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ትናንት ቀጥ ያለው ጠረጴዛ ከሁለት ወር በኋላ በሦስት እግሩ ብቻ ሲቆም ይገኛል። ስለሆነም ቀድሞ የደረቀ ሞራሌ መግዛት፣ ወይም አጣናውን ልጦ፣ ከመሬት አንሥቶ፣ በጥላ ሥር ደራርቦ ቢያንስ አንድ በጋ ማድረቅ ይገባል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያፈጥነዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ የሚያፈጥነው መሰንጠቁን ነው። እንጨቱም ከሕጋዊ ሻጭ የሚገዛ ይሁን። በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ሆነ ከሌላ ጥብቅ ደን እንጨት መቁረጥ የተከለከለ መሆኑን የልማት ሠራተኛው ማስገንዘብ አለበት።

አራቱ እግሮች ከላይ በአራት ማገር ይያያዛሉ። ከታች ግን በሠሪዋ በኩል ማገር አይደረግም፤ ጉልበት ይመታል። በፈንታው ከኋላና ከጎን ሰያፍ ማገር ይመታል። ሰያፉ ከሌለ ጠረጴዛው መወዛወዙ አይቀርም። ሚስማር ብቻ ከመምታት በማዕዘኖቹ ላይ ብሎን ማስገባት ይመረጣል። ሲላላ ይጠበቃል፤ ቤት ሲለወጥም ይፈታል።

ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ ከተፋቀ በኋላ ሙሻማ ይለብሳል። ሙሻማው ከጠርዙ ሥር ታጥፎ በአጫጭር ሚስማር ይመታ እንጂ ላዩ ላይ ሚስማር አይታይ። አንድ ብቅ ያለ የሚስማር ራስ የሁለት ሳምንት ሥራ ይቀድዳል። በመኪናውና በጠረጴዛው መካከል ያለው ክፍተትም በጨርቅ ጥብጣብ ወይም በሙሻማው ትርፍ ይሸፈን። በቀኝ በኩል ግን መኪናውን የሚያዞረው መሽከርከሪያና ቺንጋው የሚያልፍበት ቦታ ነጻ ይሁን። ሳንቃው ቺንጋውን ከነካ መኪናው ይከብዳል፣ ቺንጋውም ቶሎ ይበላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ መኪና ያላቸው

ይህ ዓይነቱ መኪና ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጨርቁ የሚያልፍበት ፊት ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ይቀራል። ድሪቶው ከዚያ ከፍታ እንደ ገደል ይወርዳል። መፍትሔው ከጠረጴዛው ፊት የመኪናውን ልክ ቆርጦ አውጥቶ፣ ከሥሩ መደርደሪያ መስቀልና መኪናውን በዚያ ላይ ማስቀመጥ ነው። የመደርደሪያው ጥልቀት ከመኪናው መቀመጫ እስከ ጨርቅ ማሳለፊያው ያለውን ከፍታ ለክቶ የሚወሰን ነው። ፊቱን መቁረጥ የማይፈልግ ሰው በመኪናው ግራና ከኋላ በዚያው ከፍታ ሳጥን መሰል ደረጃ ቢሠራ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ግን ሠሪዋም ከፍ ብላ መቀመጥ፣ የእግር መርገጫውም በሳንቃ ከፍ ማለት አለበት። የኤሌክትሪክ ገመዱ ሰው ከማይረግጠው ጎን፣ በግድግዳው በኩል ይሂድ።

ስለ መቁረጥና ስለ ማንጠፍ

ጨርቅ የሚቆረጠው ቆሞ ነው። ወለል ላይ አጎንብሶ መቁረጥ የተለመደ ቢሆንም ወገብን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው እርሱ ነው። ለመቁረጥ የሚስማማው ከፍታ ቆሞ ከሚታጠፍ ክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ነው፤ ለመካከለኛ ቁመት ወደ 85 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ሁለተኛ ጠረጴዛ መሥራት አያስፈልግም። በአራት ጉማጅ እንጨቶች ላይ እግሩ የሚገባበት ጉድጓድ ተፍልፍሎ፣ ጠረጴዛው በመቁረጫ ቀን ወደ ቤቱ መሐል ይወጣና በእነዚህ ላይ ይቆማል። የጉድጓዱ ጥልቀት ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አለበለዚያ ሲገፋ ይወርዳል።

ሦስቱን ንብርብር አንጥፎ መወስወስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 170 በ220 የሆነው ድሪቶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይዘረጋም። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። 80 በ120 የሆኑ አራት ጠረጴዛዎች ሁለት በሁለት ቢገጠሙ 160 በ240 የሆነ አንድ ሰፊ ማንጠፊያ ይሆናሉ። ከወርዱ በየጎኑ የሚተርፈው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አራት ጎረቤታሞች በሳምንት አንድ ቀን በአንዷ ግቢ ጠረጴዛቸውን ቢያሰባስቡ የአራቱንም ድሪቶ በየተራ አንጥፈው፣ በመርፌ ቁልፍ ይዘው ወይም ወስውሰው መመለስ ይችላሉ። እናቶች ጠጅ ሳር ጎዝጉዘው ቡና የሚያፈሉበትን ቀን ለዚህ ቢመርጡ ማንም አይከለክላቸውም፤ ሲኒው ግን ከጠረጴዛው ይራቅ። ይህ እንዲሆን ማኅበሩ ጠረጴዛዎቹን በአንድ ልክ ማሠራት ይኖርበታል። በየቤቱ ያሉት መኪናዎች ከፍታ በጥቂቱ ቢለያይ፣ ጠረጴዛዎቹ በዝቅተኛው መኪና ልክ ተሠርተው በየቤቱ በሽብልቅ ይስተካከሉ።

ሲሰፋ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ይኬዳል። ከዳር የሚጀምሩ ሰዎች መሐሉ ላይ ሲደርሱ የተጨማደደ ገበር ያገኛሉ። በመኪናው ክንድ ሥር ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ በቀኝ በኩል የሚሆነው ግማሽ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ በዚያ ያልፋል። ትልቁ ክፍል በግራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ለወፍራም ንብርብር ቁጥር 90 ወይም 100 መርፌ ይስማማል።

መኪና የሌላቸው ቤተሰቦች በእጅ ሲሰፉ ጠረጴዛውን በመወጠሪያ መተካት ይችላሉ። ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ አጣናዎች በሁለት ጉማጅ እንጨት መካከል ይጋደማሉ፤ የድሪቶው ሁለት ጫፍ በየአጣናው ላይ ተወስውሶ፣ ሸማኔ ሸማውን እንደሚጠቀልለው የተሰፋው ክፍል እየተጠቀለለ ይሄዳል። ሸማኔው እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ወገቡን ቀጥ አድርጎ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ መወጠሪያው በሠሪዋ ክርን ልክ ከፍ ብሎ ቢቆም እርሷም አታጎነብስም። መሬት ላይ እግር ዘርግቶ መስፋትን ግን ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አንመክርም።

ስለ ካውያ፣ ስለ እሳትና ስለ እራፊ

ቁርጥራጭ ጨርቅ ከገበያ እንደመጣ ወደ ቤት መግባት የለበትም። ከውጭ ተለይቶ፣ በፈላ ውኃ ተነክሮና ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። ይህ ትኋንና ቁንጫ ወደ አልጋ እንዳይገባ ይከላከላል። ከዚህም ሌላ ጨርቁ ከመሰፋቱ በፊት ተሰብስቦ ይጨርሳል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ እራፊ ድሪቶው በመጀመሪያ ሲታጠብ ተኮማትሮ ጎረቤቱን ጨርቅ ይጎትታል። ቀለሙ የሚለቅ እራፊም በዚሁ ይታወቃል። ከታጠበ በኋላ በቀለሙና በውፍረቱ ተለይቶ በጆንያ ይቀመጥ። ናይሎንና ጥጥ አይደባለቁ፤ ካውያ ሲነካው ናይሎኑ ይቀልጣል።

የከሰል ካውያ የሚጠቀሙ ከሰሉን ከቤት ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱና ነበልባሉ ካለቀ በኋላ ይሙሉት። በሩንና መስኮቱን ዘግቶ በከሰል ካውያ መተኮስ ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ራሱ ሲከብደው «ብርድ መታኝ» እያለ በዚያው ሊቀር ይችላል። በብርዳማው ወራት በሩን ዘግቶ ለመሥራት መፈለግ የማይቀር ስለሆነ የልማት ሠራተኛው ይህን ደግሞ ደጋግሞ ቢናገር አይበዛበትም። መተኮሻው ከስፌት ጠረጴዛው የተለየ ይሁን፤ ያረጀ ብርድ ልብስ የለበሰ አንድ ሳንቃ በበሩ አጠገብ ይበቃል። የእራፊ ጆንያ ከካውያው ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ብናኝ ጥጥ በየቀኑ ከመኪናው ሥር ይጠረግ።

የልማት ሠራተኛው በጉብኝት ጊዜ የሚመለከተው

ጠረጴዛው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ተሰፍቶ ያለቀ ወይም በመሰፋት ላይ ያለ ድሪቶ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አንዱ ክፍል ከመርፌው ሥር ይደረጋል፤ መርፌው ወደ ላይ ይነሣል፣ ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግርም ይነሣል። ከዚያ ሠሪዋ ሁለት እጇን ትልቀቅ። ድሪቶው ባለበት ከቀረ ጠረጴዛው ደኅና ነው። ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ በዚያ ጎን ጠረጴዛው ጠብቧል ወይም ዘምቷል። አንዲት እናት ይህን ፈተና ስናሳያቸው ድሪቶው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ወርዶ ወለሉ ላይ ተከመረ፤ «እኔማ እስካሁን ይህን ሁሉ ስይዝ ኖሬያለሁ!» አሉና ሳቁ። ጠረጴዛቸው ከመኪናው በ6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ የምግብ ጠረጴዛ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ መጠየቅ ነው። ሠሪዋ አንድ ሰዓት ከሰፋች በኋላ የት እንደሚያማት ትጠየቅ። ትከሻዋን ካመማት ወንበሩ ዝቅ ብሏል፤ አንገቷን ካመማት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ አንሶ ነው፤ ወገቧን በአንድ ጎን ብቻ ካመማት ከመርፌው ትይዩ አልተቀመጠችም። «ደኅና ነኝ» የሚል መልስ እንግዳን ላለማስቀየም የሚሰጥ ስለሆነ በዚያ ብቻ መርካት አይገባም። ሲሠሩ ቆሞ ማየት ይሻላል።

ማኅበራት የመኪና ግዢ ሲያቅዱ ለጠረጴዛ፣ ለወንበርና ለመብራት የሚሆነውን ገንዘብ በዚያው እቅድ ውስጥ ያስገቡ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ አሥር መኪና ያለ ጠረጴዛ ከመግዛት ስምንት መኪና ከነጠረጴዛው መግዛት ይሻላል። ይህን ስንል የአባላት ቅሬታ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት አባላት ለጊዜው በመወጠሪያ ሊሰፉ ይችላሉ።

ክረምት ሲገባ ሙሻማው በየሳምንቱ ተነሥቶ ከሥሩ ሻጋታ እንዳልያዘ ይታይ። ማታ ማታ መኪናው በዘይት በታሸ ጨርቅ ተጠርጎ ይሸፈን፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ዘይቱ ድሪቶውን እንዳያበላሽ በቁራጭ እራፊ ላይ ጥቂት ተሰፍቶ ይሞከር። የጠረጴዛው ብሎኖች ከመስከረም በኋላ እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚላሉ አንድ ጊዜ መጥበቅ አለባቸው።